ዓይን ሲሮጥ፣ ጆሮ ሲቀመጥ

ባለፈው ክረምት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ከደጅ አላስወጣ ብሎን በቤት ተሰብስበን ሳለ፣ የእኅቴ ልጅ ፕሌይስቴሽኑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዞ ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጬ እመለከት ነበርና፣ «ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይሞክሩት» ብሎ ጆይስቲኩን አስጨበጠኝ። ጨዋታው ተጫዋቹ በገዛ ዓይኑ የሚያይ እየመሰለው፣ የራሱ ፊትም ሆነ ጀርባ ሳይታየው፣ ከፊቱ ሁለት እጅና አንድ ጠመንጃ ብቻ ተዘርግተው፣ በጠባብ መተላለፊያና በጨለመ ደረጃ እየሮጠ የሚዋጋበት፣ ወጣቶቹ «ፈርስት ፐርሰን» የሚሉት ዓይነት ነው። ተኩሱ አልሆነልኝም፤ እሱስ ከዕድሜዬ የሚጠበቅ ስለ ሆነ አላሳፈረኝም። ያሳፈረኝ ገና ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ የመጣብኝ ነው፦ ግንባሬን ቀዝቃዛ ላብ ወረሰው፣ አፌን ምራቅ ሞላው፣ ሆዴ ተገላበጠ፣ ዓይኔን ብጨፍን እንኳ ያ መተላለፊያ በጨለማው ውስጥ መሽከርከሩን አልተወም። የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ስንት ጊዜ ወርጄ የወጣሁ፣ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ረዳቱ የሚያድለውን ፌስታል አንድም ቀን ሳልጠቀምበት ለጎረቤቴ ያሳለፍሁ፣ በዚህም በልቤ እመካ የነበርሁ ሰው፣ በገዛ ቤቴ፣ በማይነቃነቅ ሶፋ ላይ ተቀምጬ «ሎሚ ቁረጡልኝ» እስከ ማለት ደረስሁ።

የእኅቴ ልጅ ሳቁን እየዋጠ «ይለምዱታል ጋሼ፤ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው» አለኝ። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ የሆነችው ታናሽ እኅቱ ግን፣ የተቈረጠውን ሎሚ በሳሕን ይዛ እንደ ቆመች፣ «እኔ ስንት ጊዜ ሞክሬ አለመድሁትም» አለች። ኋላ ብቻዋን ጠርቼ ብጠይቃት፣ ዓመት ሙሉ ስትሞክር እንደ ከረመች፣ በሞከረች ቁጥር ራሷን እያዞራት ወደ መኝታ ቤት እንደምትሸሽ፣ ወንድሟና ጓደኞቹም «ይህ ለሴት አይሆንም» እያሉ ሲሥቁባት ጊዜ ጨዋታው ደስ አይለኝም ብላ እንደ ተወችው አጫወተችኝ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ሊቃውንት የጻፉትን ማገላበጥ ጀመርሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እንግዲህ የገዛ ሆዴ መታወክ ሳይሆን የዚያች ልጅ ቃል መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

በዚህ ነገር ላይ በእኛ ዘንድ ሁለት ዓይነት ፍርድ ሲሰጥ እሰማለሁ። እንደ እኔ በዕድሜ የገፋነው ወገኖች፣ ልጅ ከስክሪን ፊት ተነሥቶ ራሴን አመመኝ፣ አጥወለወለኝ ባለ ጊዜ፣ «አላልሁህም? ሥራ ፈትነት ያመጣብህ መዓት ነው» ብለን እንደ ኃጢአት ደመወዝ እንቈጥረዋለን፤ ወጣቶቹ ደግሞ የታመመውን ባልንጀራቸውን እንደ ደካማና እንደ ፈሪ አድርገው ይሣለቁበታል። ሁለቱም ፍርድ ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ነው። ነገሩን የመረመሩት ሰዎች እንደሚነግሩን ከሆነ፣ በዚህ ጨዋታ የሚታመም ሰው አካሉ ጤነኛ የሆነ፣ ሕዋሳቱም የየራሳቸውን ምስክርነት በታማኝነት የሚሰጡ ሰው ነው፤ ጥፋቱ በአመዛኙ ጨዋታውን በሠራው ባለሙያና ሥዕሉ በሚታይበት ሥርዓት ላይ ይወድቃል።

ምሥጢሩ ያለው በጆሮ ውስጥ ነው። ጆሮ ለሰው የተሰጠው ለመስማት ብቻ አይደለም፤ ከታምቡሩ በስተ ውስጥ፣ በራስ ቅል አጥንት ተሸሽገው የሚገኙ፣ እንደ ቀለበት የታጠፉ ሦስት ቀጫጭን ቦዮች አሉ፣ በውስጣቸውም ፈሳሽ አለ። ራስ ወደ ቀኝና ወደ ግራ በዞረ፣ ወይም ባቀረቀረና ባጋደለ ጊዜ፣ ያ ፈሳሽ ከአጥንቱ እኩል ለመዞር ስለማይፈጥን ወደ ኋላ ይቀርና ጸጉር የመሰሉትን ስሜት ነጋሪ ሕዋሳት ያጐነብሳቸዋል፤ እነርሱም «ራስ ዞረ» ብለው ለአንጎል ያስታውቃሉ። ከእነርሱ አጠገብ ደግሞ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ባሕርይ ያላቸው ደቃቅ ጠጠሮች የተነጠፉባቸው ሁለት ከረጢቶች ይገኛሉ፤ ሰውነት ወደ ፊት ሲፈተለክ ወይም በድንገት ሲቆም፣ ወደ ላይ ሲነሣ ወይም ወደ ታች ሲወርድ፣ ጠጠሮቹ ከክብደታቸው የተነሣ እየተንሸራተቱ ወሬውን ያደርሳሉ። ሰው በጨለማ ቤት ውስጥ ቆሞ ሳለ የትኛው ላይ የትኛው ታች እንደ ሆነ የሚያውቀው በእነዚህ ነው።

ይህ የውስጥ ጆሮ ከዓይን ጋር ያለው ቁርኝት እንዴት እንደ ተገለጠ የሚነገረው ታሪክ ደስ ስለሚለኝ ከመንገዴ ጥቂት ወጣ ብዬ ላውሳው። በቪየና የጆሮ ሐኪም የነበረው ሮበርት ባራኒ የሕመምተኞቹን ጆሮ በውኃ ባጠበ ጊዜ ብዙዎቹ ራሳችንን አዞረን ይሉት ነበር፤ ዓይናቸውንም ቢመለከት ያለ ፈቃዳቸው ወደ አንድ ወገን እየተወረወረ ይመለሳል። ከዚያም አንዱ ሕመምተኛ የሚያዞረው ውኃው የቀዘቀዘ እንደ ሆነ መሆኑን ነገረው፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ውኃው ከመጠን በላይ ሞቆ ተገኘና የዓይኑ ውርወራ አቅጣጫውን ገልብጦ ታየ። ባራኒ ከዚህች ትንሽ ነገር ተነሥቶ፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ በቦዮቹ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ እንደሚያንቀሳቅሰው፣ ፈሳሹ በተንቀሳቀሰ ጊዜም ሰውየው ተኝቶ ሳለ የሚዞር እንደሚመስለው አስረዳ፤ ለዚህም ሥራው የ1914ቱ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የሽልማቱ ወሬ ሲደርሰው እርሱ በሩስያ የጦር ምርኮኛ ነበር፤ በስዊድን ንጉሣዊ ቤተ ሰብ አማላጅነት ተፈትቶ ሽልማቱን በ1916 ተቀበለ።

ባራኒ ያሳየው ጆሮ በሐሰት ሲመሰክርና ዓይን ሲከተለው ነው። በቪዲዮ ጌም የሚሆነው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ዓይን «እየሮጥን ነው፣ አሁን ወደ ግራ ታጠፍን፣ አሁን ከደረጃ ዘለልን» ብሎ ሲመሰክር፣ ጆሮ ደግሞ «ከተቀመጥንበት ንቅንቅ አላልንም» ብሎ ይመሰክራል። ዓይን ብቻውን እንዴት ሊያታልል እንደሚችል ለማወቅ የፈለገ በአውቶቡስ ተራ የደረሰበትን ያስታውስ፤ ተሳፍሮ መነሻውን እየተጠባበቀ ሳለ ከጎኑ የቆመው አውቶቡስ በተንቀሳቀሰ ጊዜ፣ የራሱ አውቶቡስ ወደ ኋላ የሚንሸራተት መስሎት የፊቱን ወንበር ያልጨበጠ ማን አለ? ያ መታለል ለአንድ ቅጽበት ብቻ ቈይቶ ያልፋል፤ በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ግን ሰዓት ሙሉ ይቀጥላል።

ምስክሮቹ ቢለያዩ ሰውነት ለምን ሆድን ይቀጣል ለሚለው ጥያቄ፣ መልሱ እንደ መጻሕፍት ትርጓሜያችን በ«አንድም» የሚቀጥል ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጀምስ ሪዝን ከባልደረባው ከብራንድ ጋር በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንጎል ካለፈው ልምዱ የሚጠብቀውና ሕዋሳት አሁን የሚያመጡለት ወሬ ሳይስማሙ ሲቀሩ ሕመሙ ይወለዳል ይላል። አንድም፣ ሚሼል ትሪስማን በ1977 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት እንደ ጻፈው፣ በጥንት ዘመን ዓይንና ጆሮን የሚያጣላ ነገር ምን ጊዜም መርዝ ስለ ነበር፣ ሰውነት የሕዋሳትን መለያየት ባየ ጊዜ መርዝ በላሁ ብሎ የበላውን ሊያስወጣ ይጣደፋል። አንድም፣ ሪቾና ስቶፍሬገን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1991 እንዳሉት፣ የበሽታው ሥር ሰውነት በአዲስ ሁኔታ ውስጥ ራሱን ቀጥ አድርጎ መያዝ ሲሳነው የሚመጣ መናወጥ ነው። ለእኔ ለመሐይሙ የመርዙ ትርጓሜ ከሁሉ ይልቅ ደስ ይለኛል፤ እንዲያ ከሆነ ያች የእኅቴ ልጅ ሰውነቷ ካልበላችው መርዝ ሊያድናት ሲጣጣር ነበር የሚሥቁባት። ከሦስቱ የትኛውም ቢረታ ግን ጆሮ በነገሩ ውስጥ እንዳለበት የሚመሰክር የቈየ ማስረጃ አለ፤ አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ጀምስ ገና በ1882 ከአምስት መቶ በላይ መስማት የተሳናቸውን ሰዎች መርምሮ፣ የውስጥ ጆሯቸው ከሥራ ውጭ ከሆነባቸው ብዙዎቹ ቢያሽከረክሯቸው እንኳ ራሳቸውን እንደማያዞራቸው ጽፏል።

የወጣቶቹን «ደካማ ነው» የሚል ፍርድ የሚያፈርስ ሌላ ታሪክ ደግሞ ከአሜሪካ የጦር አብራሪዎች ዘንድ ይገኛል። በ1957 ስለ አንድ የሄሊኮፕተር መለማመጃ ሲሙሌተር የወጣ ዘገባ፣ መሬት ላይ በተተከለ መሣሪያ ውስጥ ተቀምጠው ሥዕል እየተመለከቱ የሚለማመዱ አብራሪዎች እንደሚያቅለሸልሻቸው ገለጠ፤ የሚያስደንቀውም ከጀማሪዎቹ ተማሪዎች ይልቅ በእውነተኛው አየር ላይ ብዙ ሰዓት የበረሩት አስተማሪዎች አብዝተው መታመማቸው ነበር። ምክንያቱም የእውነተኛው በረራ ስሜት በሥጋቸው ተጽፎ ስለ ነበር፣ ሥዕሉ በሐሰት ሲያበርራቸው ሰውነታቸው ከሌላው ሰው ቀድሞ ሐሰቱን ሳያውቀው አልቀረም። ከዚያም በኋላ ከሲሙሌተር የወጣ አብራሪ ሰዓታት ሳያልፉ እውነተኛ አውሮፕላን እንዳይነዳ የሚከለክል ደንብ በአንዳንድ የጦር ክፍሎች ወጥቷል። እኛ ግን ልጁን ከጨዋታው አስነሥተን ወዲያው በብስክሌት ወደ ገበያ እንልከዋለን።

አሁን ወደ ጨዋታ ሠሪዎቹ ልመለስ። ኢድ ሶፍትዌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1992 «ዎልፈንስታይን 3ዲ»ን፣ በዲሴምበር 10 ቀን 1993 ደግሞ «ዱም»ን ባወጣ ጊዜ፣ በተጫዋቹ ዓይን እያዩ መሮጥ የዓለም ወጣት ሁሉ ልምድ ሆነ። በ«ዱም» ውስጥ ተጫዋቹ በሮጠ ቁጥር ሥዕሉ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይህም ሩጫ ሩጫ እንዲመስል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹም ይህን ልማድ ወርሰውታል። እኔ ግን ከሁሉ የበለጠ የምነቅፈው ይህን ነው። አንባቢ ተነሥቶ በክፍሉ ውስጥ ፈጠን ብሎ ይራመድና ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ይመልከት፤ ሥዕሉ ይዘልላልን? አይዘልልም። ራሳችን በየእርምጃው ከፍና ዝቅ ሲል፣ የውስጥ ጆሮ ለዓይን ጡንቻዎች ወዲያው ያስታውቅና ዓይን በተቃራኒው እየዞረ ዓለምን በቦታዋ ያጸናታል፤ ባራኒ በውኃ ያሳወቀውም ቁርኝት ይኸው ነው። እንግዲህ ሠሪው እውነትን አስመሰልሁ ብሎ የጨመረው መዝለል በእውነት ዘንድ የሌለ፣ ተፈጥሮ በብርቱ ጥበብ ያስወገደችው ጉዳት ነው። ራስ በፍጥነት ሲዞር ሥዕሉን ጭጋግ የሚያለብሰው ማደብዘዣም፣ ቦምብ ሲፈነዳ ስክሪኑን ሁሉ የሚያንቀጠቅጠውም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ሁለተኛው ነገር የእይታ ስፋት ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ያስፈልገኛል፣ ከታማሚዎቹ ብዙዎች የሚቀልላቸው በእርሱ ነውና። ሰው በሁለት ዓይኑ ወደ ጎን የሚያየው ወደ 200 ዲግሪ የሚጠጋ ነው። ጨዋታው ግን ከዚያ ዓለም አንድ ቍራጭ ብቻ ቀዶ ያሳያል፤ ያ ቍራጭ ምን ያህል ሰፊ እንዲሆን የሚወስነው ሠሪው ነው። ለቴሌቪዥን የተሠሩት ብዙዎቹ ጨዋታዎች 60 ወይም 65 ዲግሪ ያህል ያሳያሉ፤ ሠሪው ተጫዋቹን ከሳሎኑ ጫፍ በሶፋ ተደግፎ ስለሚያስበው ነው። ስፋቱ 95 ሳንቲ ሜትር የሆነ የ43 ኢንች ቴሌቪዥን በ3 ሜትር ርቀት ለተቀመጠ ሰው ከዓይኑ ፊት 18 ዲግሪ ያህል ብቻ ይይዛል፤ የቀረውን ዓይኑን የሚሞላው የማይንቀሳቀሰው ግድግዳ፣ መጋረጃውና የቡናው ረከቦት ስለ ሆነ፣ ዓይን ራሱ ከጆሮ ጋር ተስማምቶ «ተቀምጠናል» ብሎ የሚመሰክርበት ብዙ ማስረጃ አለው። ይኸው ሰው ወደ 1 ሜትር ቀርቦ ቢቀመጥ ግን ያው ቴሌቪዥን 50 ዲግሪ ያህል ይሆንበታል፤ ግድግዳው ይጠፋል፣ የሚሮጠው ሥዕል ዓይኑን ይወርሳል። ያው ጨዋታ ጠባብ እይታውን እንደ ያዘ ወደ ኮምፒዩተር ተሻግሮ በመጣ ጊዜም፣ ከስክሪኑ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ የሚቀመጠው ተጫዋች ዓለምን በቧንቧ አሾልቆ የሚያይ ስለሚመስለው፣ እይታውን ትንሽ ባዞረ ቁጥር ሁሉ ነገር በፊቱ ተወርውሮ ያልፋል። ስለዚህ በኮምፒዩተር የሚጫወቱት 90 ዲግሪንና ከዚያ በላይ ሲመርጡ ይታያሉ፤ ይህም ለሁሉ የሚሆን ቍጥር አይደለም፤ ሲሰፋ የሚብስበትም ሰው ስላለ፣ ለአንዱ 80 ለሌላው 95 ይስማማዋል፣ ምርጫውም ከሚታመመው ሰው እጅ መሆን ይገባዋል።

ሦስተኛው ነገር በየሴኮንዱ የሚታዩት ሥዕሎች ብዛት ነው። በሴኮንድ 30 ሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ አንዱን ሥዕል ለ33 ሺኛ ሴኮንድ ያህል ያቈየዋል፤ እጅ ካዘዘ በኋላ ዓይን የሚያየው ዘግይቶ ይመጣል፣ ይህም በምስክሮቹ ጠብ ላይ ሌላ ነገር ይጨምራል። 60 ሲሆን ይሻላል። መሣሪያው ደካማ ሆኖ ሥዕሉ አንዴ ሲፈጥን አንዴ ሲንተፋተፍ ግን ከሁሉ የከፋ ነው።

መልካም የሠሩትን ሳላመሰግን ባልፍ ግን ርትዕ አይሆንም። የስዊድኑ ዳይስ ኩባንያ በ2008 ያወጣው «ሚረርስ ኤጅ» ከጣራ ወደ ጣራ እየዘለሉ የሚሮጡበት፣ በባሕርዩ እጅግ የሚያዞር ጨዋታ ስለ ነበር፣ ሠሪዎቹ በስክሪኑ መካከል አንዲት ትንሽ ነጥብ አኖሩ፤ ዓይን ሁሉ ነገር ሲሽከረከር በእርስዋ ላይ ያርፋል፤ በመርከብ የሚታመም ሰው ዓይኑን በሩቁ አድማስ ላይ እንደሚያሳርፍ፣ በአውቶቡስ የሚያመውም የፊት ወንበር ይዞ ሩቁን ተራራ እንደሚያይ ማለት ነው። አገር ያወቀው «ማይንክራፍት»ም የመራመዱን መዝለል ለማጥፋትና የእይታውን ስፋት ለመለወጥ የሚያስችል ማስተካከያ አለው። ዓይንን ሁሉ ሸፍነው በራስ ላይ በሚታሠሩት የቪአር መነጽሮች ዘንድ ጠቡ የባሰ ስለ ሆነ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፈርናንዴስና ፋይነር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 ተጫዋቹ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ የሥዕሉን ዳርቻ በጥቂቱ ማጥቈርና ማጥበብ ሕመሙን እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ ዛሬ ይህ ዘዴ በብዙ የቪአር ጨዋታዎች ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ ዕውቀቱ አለ፣ መድኃኒቱም ተሠርቷል።

ቅር የሚለኝ መድኃኒቱ የተቀመጠበት ስፍራ ነው። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ረዳት ፌስታሉን የሚያድለው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ማን እንደሚታመም አይጠይቅም፣ ማንንም አያሳፍርም፣ ለሁሉ እኩል ያድላል። ጨዋታ ሠሪው ግን ፌስታሉን ከወንበሩ ሥር በሦስት መሸፈኛ ጠቅልሎ ደብቆታል፤ ተጫዋቹ «ሴቲንግ» ገብቶ፣ ከዚያ የሥዕል ማስተካከያ የሚለውን ከፍቶ፣ በሌሎች ሃያ ስሞች መካከል ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ ይህንንም የሚፈልገው ከታመመ በኋላ፣ ፊደል እያዞረው ነው። ደግሞም መኖሩን የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይፈልጋል? የእኅቴ ልጅ ዓመት ሙሉ የታመመችበት ያ ጨዋታ የመዝለሉን ማጥፊያም፣ የስፋቱን መለወጫም በውስጡ ይዞ ተገኝቷል። ወንድሟ ሦስት ዓመት ሲጫወተው አንድ ቀን እንኳ አልከፈተውም፤ እርሱን አያመውማ።

ብዙ ጨዋታዎች ገና ሲከፈቱ፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ምልክት አሳይተው፣ ምልክቱ በጭንቅ እስኪታይ ድረስ ብርሃኑን አስተካክል ብለው ተጫዋቹን ይጠይቃሉ። ስለ ብርሃን የጠየቀ ስለ ሆድ መጠየቅ ለምን ከበደው? «መኪና ያምሃልን?» ብሎ አንድ ጊዜ ጠይቆ፣ አዎን ላለው ሰው መዝለሉን፣ ማደብዘዣውንና መንቀጥቀጡን አጥፍቶ፣ እይታውን ሰፋ አድርጎ፣ ነጥቧን በመካከል አኑሮ ማስጀመር አንድ ገጽ ጽሑፍ ብቻ ይጠይቃል። እይታ በሰፋ ቁጥር መሣሪያው የሚሥለው ነገር ስለሚበዛ ይደክማል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን የሥዕሉን ጌጥ ጥቂት ቀንሶ እይታውን ማስፋት ይቻላል፤ የሚያስመልሰው ሰው የቅጠሉን ጥላ አያደንቅም። ሰፊ እይታ ያለው ተጫዋች በውድድር ይበልጣል የሚሉም አሉ፤ እንዲያ ከሆነ ለሁሉ ይፈቀድ። መዝለሉ የኪነ ጥበባችን አካል ነው የሚሉትን ግን ከላይ መልሼላቸዋለሁ፤ ግድግዳው አይዘልልም።

ስለ «ይለምዱታል» ደግሞ ጥቂት ልበል። መልመድ እውነት ነው፤ ብዙ መርከበኞችም በጊዜ ብዛት ይለምዳሉ። የሚለመደው ግን ሕመሙ ገና ሲጀምር፣ ማዛጋትና የምራቅ መብዛት ሲመጣ፣ ወዲያው አቁሞ፣ ዐርፎ፣ በማግሥቱ ጥቂት ደቂቃ እየጨመሩ ሲሄዱ ነው፤ እስኪያስመልስ ድረስ ጥርስን ነክሶ የሚቀጥል ሰው ግን ሰውነቱን ጨዋታውን ከሕመም ጋር አስተሳስሮ እንዲያስብ ያስተምረዋል፤ በኋላም የጨዋታው ዘፈን ሲሰማ እንኳ ያቅለሸልሸዋል። ሁሉም ሰው እኩል አይለምድም፤ ከፊሉ ፈጽሞ አይለምድም። የማይግሬን ሕመም ያለባቸው ከሌላው ይልቅ ይታመማሉ፤ በአማካይም ሴቶች ከወንዶች ይልቅ መታመማቸውን ይናገራሉ፣ ይህንም «ለሴት አይሆንም» ለሚሉት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ፣ ጫማው የጠበበውን ሰው መራመድ አይችልም እንደ ማለት ነው። የጕዞ መድኃኒት መዋጥም እንቅልፍ ስለሚያመጣ ለጨዋታ ተብሎ አይመከርም፤ ዝንጅብል ለብዙ ሰው ጕዳት የለውም፣ አንዳንድ ጥናትም ይደግፈዋል፤ የእናቶቻችን ሎሚም ቢያንስ ሽታው መልካም ነው። ያለ ጨዋታ፣ ያለ መኪና ራሱን የሚያዞረው ግን ወደ ሐኪም ይሂድ።

ወደ ሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤቶች ልምጣ። እዚያ አብዝተው የሚጫወቱት የእግር ኳስ ነው፤ በኳሱ ማንም እንደማይታመም አስተውላችሁ ይሆናል፤ ይህም ሜዳው ከተመልካች ሠገነት ላይ እንደሚታይ ሆኖ፣ በርጋታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚንሸራተት ነው። ባለቤቱ ግን አሁን አሁን የተኩሱንም ጨዋታ ስለሚያስገባ፣ ለኳሱ ተብሎ የተደረደረው አግዳሚ ወንበር ለእርሱ አይሆንም። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ወንበሩ ከቴሌቪዥኑ አንድ ሜትር አይርቅም፣ የፀሐይ ብርሃን ስክሪኑን እንዳያደበዝዘው መጋረጃው ይዘጋል፤ ልጁ ከሚሽከረከረው ሥዕል ሌላ የሚያርፍበት የቆመ ነገር አያይም።

ስለዚህ የእነዚህ ቤቶች ባለቤቶች ሆይ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ልመና አለኝ። አግዳሚ ወንበሩን ግድግዳው እስኪከለክላችሁ ድረስ ወደ ኋላ ሳቡት፤ መጋረጃውን በከፊል ክፈቱት፣ ወይም ከቴሌቪዥኑ በስተ ኋላ አንድ አምፖል አብሩ፤ የተኩሱን ጨዋታ ስታስገቡ ሴቲንጉን አንድ ጊዜ ራሳችሁ ክፈቱና መዝለሉንና ማደብዘዣውን አጥፉ፤ የታመመ ልጅ ሲነሣም የቀረውን ደቂቃ ለሌላ ቀን አቈዩለት። የእኅቴ ልጅ፣ ታናሺቱ፣ አሁን ከሶፋው በስተ ኋላ ወንበር አስቀምጣ፣ መብራት አብርታ፣ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ትጫወታለች፤ ወንድሟ የእርስዋን ማስተካከያ በስሟ ለይቶ አስቀምጦላታል። እኔ ግን ወደ ኳሱ ተመልሻለሁ።